ኮሶው መቼ ተለቀመ?

በአምቦና በአካባቢው ስላሉ ዕፀ መድኃኒቶች፣ በመጠይቅ ቅጾቻችንም ላይ ቦታ ስላላገኘው እውቀት

አምቦ ሲባል አብዛኞቻችን አስቀድሞ ትዝ የሚለን ጋዝ ያለው ውኃዋ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል የነበረችው ይህች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተ ደቡብ መሬቱ ወደ ደንዲና ወደ ወንጪ ተራሮች እያደገ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የጉደርን ወንዝ ተከትሎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያቆለቁላል። በመሆኑም የደጋው፣ የወይና ደጋውና የቆላው ዕፅዋት በዚህ አካባቢ ተቀራርበው ይበቅላሉ፤ በገበያ ቀንም አምቦ ላይ ይገናኛሉ።

ከበርበሬውና ከሽንኩርቱ ተራ አለፍ ብሎ ጥቂት እናቶች ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ደረቅ የኮሶ አበባ፣ እንዶድ፣ የጌሾ ቅጠልና እንጨት፣ ፌጦ፣ ጦስኝ፣ በእስር በእስር የታሰረ ጤና አዳምና ዳማከሴ ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎችን ይዤ በዚህ ተራ ሳልፍ ያጋጠመኝን ላስቀድም። እያንዳንዱ ተማሪ አራት ዓምዶች ያሉት መጠይቅ ይዟል፤ የአገር ውስጥ ስም፣ ሳይንሳዊ ስም፣ ጥቅም ላይ የሚውለው የዕፅዋቱ ክፍል፣ የሚታከመው በሽታ። አንደኛው ተማሪ ወደ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጠጋ ብሎ ጠየቀ።

«እማማ፣ ይሄ ለምን ይጠቅማል?»

«ለኮሶ ነዋ ልጄ! ለሌላ ለምን ይሆናል?»

ልጁ «ኮሶ - አበባ - የኮሶ ትል» ብሎ ጻፈና አመስግኖ ሊሄድ ሲል ሴትዮዋ መልሰው ጠሩት።

«ቆይ እንጂ! መቼ እንደተለቀመ ሳትጠይቀኝ? ሴቴ ይሁን ወንዴ ሳታይ? ጻፍኩ ብለህ ልትሄድ ነው?»

ተማሪው ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ዓምድ አልነበረውም። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱም የልጁ አልነበረም።

ስለ አገራችን ዕፀ መድኃኒቶች የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው ተመሳሳይ ሠንጠረዥ በየገጹ ያጋጥመዋል። የዕፅዋቱ ስም በግራ፣ የበሽታው ስም በቀኝ ይሰፍራል። ሠንጠረዡ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ ሳይንስ ከኅብረተሰቡ እውቀት ያገኘው ትልቁ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በግራና በቀኙ ዓምድ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ይኸውም መቼ፣ ከየትኛው ዛፍ፣ በምን ሁኔታ፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ነው።

አበባው ከነአተላው

ሴትዮዋ ካነሱት እንጀምር። ኮሶ፣ በአፋን ኦሮሞ ሄጦ፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሃጌንያ አቢሲኒካ ሲሆን ከጽጌረዳ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ የደጋ ዛፍ ነው። በወገኑ (ጂነስ) ውስጥ ሌላ ዝርያ የለውም። ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ በብዛት የሚበቅል በመሆኑ አምቦ ገበያ የሚደርሰው ከከተማው ዙሪያ ሳይሆን ከላይ ካሉት ተራሮች ነው። የኮሶ ዛፍ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ነው። የወንዴው አበባ ቀለል ያለና ወደ ብርቱካንማ ነጭ የሚያደላ፣ የሴቴው ግን ደንደን ያለና ቀላ ያለ ዘለላ ነው። ለመድኃኒትነት የሚመረጠው የሴቴው ነው።

የሚያጠቃው ተውሳክ ቴኒያ ሳጂናታ የተባለው የኮሶ ትል ነው። ይህ ትል በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ብዙ ሜትር እስኪረዝም ያድጋል። ቁርጥራጮቹ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ በሣር ላይ የወደቀውን ዕንቁላሉን ከብት ይበላዋል፤ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል፤ ሥጋው በጥሬው ሲበላ ዑደቱ ይሞላል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ለዚህ ትል ብዙ ዓይነት መድኃኒት መገኘቱ አያስደንቅም። እንቆቆ፣ መተሬና የብሳና ፍሬም ለዚሁ ያገለግላሉ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ አውጥቷል። በጊዜው ታዋቂ በነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስምም ሊሰይመው ሞክሮ ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። የአገሩ ሰው ኮሶን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይጠጣ እንደነበር የተለያዩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ለመሆኑ በየሁለት ወሩ የሆነው ለምንድን ነው? የትሉ ራስ ከአንጀት ግድግዳ ተላቅቆ ካልወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ አካል አብቅሎ ቁርጥራጭ መጣል ይጀምራል። ኮሶ ደግሞ ገላውን አስወጥቶ ራሱን የሚያስቀርበት ጊዜ አለ። የኅብረተሰቡ የቀን ቀመር ከተውሳኩ ዕድገት ጋር የተቀራረበ ነበር ማለት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቅመማ መጻሕፍታቸው ውስጥ ገባ። በዚያም ሁለት ችግሮች ገጠሙት። አንደኛው የቆየ አበባ ኃይሉን ማጣቱ ነው። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በባሕር ተጉዞ፣ በመጋዘን ሰንብቶ የደረሰው ኮሶ ብዙውን ጊዜ ትሉን አያስወጣም ነበር። ገበያ ላይ ያሉት እናት «መቼ ተለቀመ?» ብለው የሚጠይቁት ይህን ነው።

ሁለተኛው ችግር ከማጥለል ጋር የተያያዘ ነው። በአገራችን ልማድ የደረቀው አበባ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ ያድራል፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ከነአተላው ይጠጣል። ጣዕሙ የመረረ ስለሆነ አጥልሎ ኩልል ያለውን ውኃ ብቻ መጠጣት ለማንም ሰው የሚመረጥ ነው። ነገር ግን በአበባው ውስጥ ትሉን የሚያደነዝዙት እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ውሁዶች፣ በጥቅል ስማቸው የፍሎሮግሉሲኖል ዝርያዎች የሚባሉት፣ በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም። የሚቀሩት ከአተላው ጋር ነው። ያጠለለ ሰው መድኃኒቱን ደፍቶ ምሬቱን ጠጣ ማለት ነው። የእንግሊዝ የቅመማ መጽሐፍም ኮሶ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ሳይጠለል እንዲሰጥ ያዝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። አውሮፓውያን ለዚሁ ትል ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት የራሳቸው ዕፅ ነበራቸው፤ በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል የፈርን ዝርያ ነው። ፈርን አበባ እንኳ የለውም፤ ከኮሶ ጋር በዝምድና እጅግ የተራራቀ ነው። ይሁንና የሁለቱም ፍቱን ውሁዶች የአንድ ኬሚካዊ ቤተሰብ ናቸው። ጉዳታቸውም ተመሳሳይ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ሁለቱም የዓይን ነርቭን ጎድተው እስከ መታወር ያደርሳሉ።

ከወንዙ ዳር

በሁሉቃ ወንዝ ዳር ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡ ያደጉ የአምቦ እናቶች እንዶድን በሚገባ ያውቁታል። በአፋን ኦሮሞ አንዶዴ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ ነው። ዘለላ ፍሬ የሚያፈራ፣ ተንጠላጥሎ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ለሳሙናነት የሚለቀመው ግን ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ከዚያም በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ተለውሶ አረፋ ይሰጣል። ይህ የአዘገጃጀት ቅደም ተከተል በተማሪዎቻችን ቅጽ ላይ «እንዶድ - ፍሬ - ልብስ ማጠቢያ» ተብሎ በሦስት ቃል ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ የተውሳክ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ሄደ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት በወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አክሊሉ በአንድ ወንዝ ዳር ሲዘዋወር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አየ፤ ከዚያ በላይና ርቆ ባለው የወንዙ ክፍል ግን በሕይወት ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታፈስ ጠየቃት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የዚህ ግኝት ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ስለሚነገር አላራዝመውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ የታየው ነው።

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ውሁዶች አሉ። ሳፖኒን እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጥ፣ አንደኛው ጎኑ ከቅባት፣ ሌላኛው ከውኃ ጋር የሚስማማ ሞለኪውል ነው። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የስኳር ሰንሰለት በሁለቱም ጫፉ ተያይዞበታል፤ በዚህ መልኩ ሳለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ግን በሌላ የሕዋሱ ክፍል ተለይቶ የነበረ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ጋር ይገናኝና የአንደኛውን ጫፍ ስኳር ይቆርጠዋል። ገዳዩ ውሁድ የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። ከነዚህ ውሁዶች ዋነኛው በአክሊሉ ለማ ስም «ሌማቶክሲን» ተብሏል።

አንባቢ ልብ ይበል። አንድ ኬሚስት የተለመደውን የቤተ ሙከራ መንገድ ተከትሎ ፍሬውን በቀጥታ በአልኮል ቢዘፈዝፈው አልኮሉ ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ሳፖኒኑ ሁለቱንም ስኳሮቹን እንደያዘ ይወጣል፤ ኬሚስቱም «እንዶድ በቀንድ አውጣ ላይ ውጤት የለውም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ልክ የሆነው የሙከራ ዘዴ ከወንዙ ዳር የነበረው ነው፤ መውቀጥ፣ በውኃ መለወስ፣ ጥቂት መጠበቅ። አጣቢዎቹ ስለ ኢንዛይም የሰሙት ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሂደቱን በእጃቸው ያውቁታል።

አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። አክሊሉ የመሠረተው የተውሳክ ጥናት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ይጠራል። ታሪኩ ግን አንድ ጎርባጣ ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንዶድ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑትን የዜብራ ዛጎሎች እንደሚገድል ታይቶ፣ ለዚህ አጠቃቀም የፓተንት መብት ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። አክሊሉ ራሱ በሥራው ተሳታፊ ነበር። ይሁንና ዕፁን ለብዙ ትውልድ መርጠው፣ ጠብቀውና አዘገጃጅተው ያቆዩት አጣቢዎች በመብቱ ውስጥ ስፍራ አልነበራቸውም። በዓለም ዙሪያ ስለ ማኅበረሰብ እውቀት ባለቤትነት ሲከራከሩ እስከ ዛሬ እንዶድ በምሳሌነት የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይፈላ

የአዘገጃጀትን ነገር ካነሣን ዳማከሴን ማለፍ አይቻልም። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት፣ ከንፈሩ ዙሪያ ቁስል ያወጣበት ሰው «ምች መታው» ይባላል፤ ወዲያውም ከጓሮ ዳማከሴ ይቀጠፋል። ሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም ሲሆን የበሶብላ ዘመድ ነው። ያደግንበት ቤት እንደሚያሳየን ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ ጭማቂው ይሸተታል፣ ገላ ይቀባል፣ አንዳንድ ጊዜም በቡና ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። አይፈላም። ሽታውን የሚሰጡት ዘይቶች በቀላሉ የሚተኑ በመሆናቸው ረጅም ጊዜ የተቀቀለ ዳማከሴ ቤቱን አውዶ ድስቱን ባዶ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የቅጠሉ ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ ማሳየቱ ተገልጿል። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ መቼም አንባብያን አይስቱትም።

ሙቀት መድኃኒትን እንደሚያጠፋ ከሁሉ በላይ ያስተማረው ታሪክ ከቻይና የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ የቻይና ባህላዊ ዕፅዋትን መርምራለች። ከነዚህ አንዱ በአርቲሚሲያ ወገን የሚመደብ፣ ከእኛው አሪቲ ጋር የሚዛመድ ዕፅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ግን ተስፋ የሚያስቆርጡ ሆኑ። ቱ ዩዩ ወደ ጥንቱ መጽሐፍ ተመለሰች። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ የተባለ ሐኪም ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ ጭማቂው እንዲጠጣ ጽፎ ነበር። ማፍላትን የሚያነሣ ቃል የለም። በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ፈሳሽ ደግማ ስትሞክረው አርቲሚሲኒን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላት። በእኛ አገር ወባማ ቆላዎችም በጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት መሠረቱ ይኸው ነው። ጌ ሆንግ እንደ እኛ መጠይቅ የዕፁንና የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ቱ ዩዩ የምትመለስበት ጽሑፍ ባልኖራት ነበር።

ሌላም አብነት ከሩቅ ልጥቀስ። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩት የናቫሆ ሕዝቦች የጥድ አረንጓዴ ጫፎችን አቃጥለው አመዱን በወንፊት ነፍተው ከሰማያዊ በቆሎ በሚሠሩት ገንፎ ውስጥ ይጨምሩታል። አመዱ የገንፎውን ሰማያዊ ቀለም ይጠብቃል፤ ለባዕድ ዓይን የሚታየው ይኸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አመድ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር የሚቀራረብ ካልሲየም እንዳለው አሳየ። ከናቫሆ ጎልማሶች ብዙዎቹ ወተት የማይስማማቸው መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይገለጥልናል። ግንዱን ሳይሆን ጫፉን፣ ከአፈር ሳይቀላቀል አቃጥሎ፣ ነፍቶ የሚለው ዝርዝር ሁሉ ትርጉም ነበረው። በነገራችን ላይ በጭልሞ ጫካ የምናየው ጥድ ከናቫሆዎቹ ጥድ የተለየ ዝርያ ስለሆነ ማንም ተነሥቶ እንዳይሞክረው።

እፍኝና ሚሊግራም

እስካሁን ያልነው ሁሉ የባህል መድኃኒት ምንጊዜም ትክክል ነው የሚል ስሜት አሳድሮ ከሆነ እዚህ ላይ መታረም አለበት። እንዶድን የጠጡ ሰዎች ሞተዋል። በኮሶ ምክንያት ዓይናቸውን ያጡ አሉ። ነፍሰ ጡር ኮሶ እንዳትጠጣ የሚከለክለው ልማድም ከጉዳት የተማረ ልማድ ነው። ዛሬ ለኮሶ ትል በማንኛውም ጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ማግኘት ይቻላል፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ትል ቢኖርበት የዚህ ጸሐፊ ምክር ወደዚያ እንዲሄድ ነው።

ችግሩ የመጠን ነው። እፍኝ፣ ሲኒ፣ «በሦስት ጣት የሚነሣ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንስቃለን። ነገር ግን አንድ ሚዛን ስጡኝና በሚሊግራም ልመዝን ቢባልስ ምን ይፈይዳል? ዕፅዋት እነዚህን ውሁዶች የሚሠሩት ለእኛ አይደለም፤ ከነፍሳት፣ ከግጦሽና ከሻጋታ ራሳቸውን ለመከላከል ነው። በመሆኑም መጠናቸው ከዛፍ ዛፍ፣ ከወር ወር፣ ከአፈር አፈር ይለያያል። ከሁለት ዛፎች የተለቀመ እኩል ክብደት ያለው አበባ እኩል መድኃኒት የለውም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ይህን ልዩነት የሚያጠቡት ሁልጊዜ ከሚያውቁት ዛፍ፣ በሚያውቁት ወር በመልቀም ነበር። የማይታወቅ ዛፍ ምርት ሲገዛ ጥበቡ ይፈርሳል፤ እፍኙ ግን እንዳለ ይቀራል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው ቤት ከነበረው እውቀት ወጥቶ ገበያ ላይ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነውና።

ብርብራም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ይህ ዛፍ፣ ሚሌቲያ ፌሩጂኒያ፣ ፍሬው ተፈጭቶ በረጋ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል። ውስጡ ያለው ሮቴኖን ሕዋስ ኦክሲጅን ተጠቅሞ ኃይል የሚያመርትበትን ሰንሰለት ይቆርጣል። ዓሣ በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ስለሚወስደው ወዲያው ይንሳፈፋል። ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ሳይለይ ስለሚፈጅ ግን አያቶቻችን ያደርጉት ነበር ተብሎ የሚበረታታ ሥራ አይደለም።

ምስጢሩና ጫካው

በምዕራብ ሸዋ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል የመድኃኒት እውቀት በምስጢር የሚያዝ ነው። አባት ወይም እናት ከልጆቻቸው መካከል ታምናለህ ላሉት ለአንዱ፣ ያውም ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ ያሳዩታል። ለቃሚው ማልዶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ መንገድ ላይ ከሰው ሳይነጋገር እንዲሄድ የሚያዝ ልማድም አለ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ለእያንዳንዱ ሥርዓት ኬሚካዊ ምክንያት ለማግኘት ይደክማሉ። ለእኔ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ማልዶ መልቀም ለሚተኑ ዘይቶች ሊበጅ ይችላል፤ አለመነጋገር ግን ምስጢርን ከመጠበቅ ያለፈ ሳይንስ ላይኖረው ይችላል። እንዲያም ሆኖ ሁለቱንም እንደተነገረን መመዝገብ ይገባል፤ የትኛው ፍሬ፣ የትኛው ገለባ እንደሆነ ከመመዝገባችን በፊት አናውቅምና። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደብተራዎች መድኃኒት ከነአቀማመሙ የጻፉባቸው ብራናዎች በመኖራቸው ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው ምሁር ሰብስቦ ሊያሳትማቸው ችሏል። የአምቦ አካባቢ እውቀት ግን በአመዛኙ የተጻፈው በሰው አእምሮ ላይ ነው። ልጅየው ከተማ ገብቶ ከቀረ ብራናው ተቃጠለ ማለት ነው።

ዛፉም አብሮ ይሄዳል። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በግንጪ አጠገብ ያለው ጭልሞ በማዕከላዊው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የጥድ፣ የዝግባና የወይራ ጫካዎች አንዱ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ጫካውን ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረባቸው ቀዳሚ የአገራችን ቦታዎች አንዱም ነው። በዚያ ከሚገኙት ዛፎች ጥቁር እንጨት፣ በአፋን ኦሮሞ ሆሚ፣ ሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና፣ ልዩ ትኩረት ይሻል። ከቅርፊቱ የሚጨመቀው ውሁድ በአውሮፓ ለአረጋውያን ወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት በእንክብል ይሸጣል። የአካባቢ ባለሙያ ከግንዱ የመዳፍ ያህል ቅርፊት ልጦ ይሄዳል፤ ዛፉም ቁስሉን ይሽራል። ነጋዴ ግን ዙሪያውን ይገሸልጠዋል። ከቅርፊቱ ሥር ምግብ የሚያመላልሰው ሥር በዙሪያው ሲቆረጥ ሥሮቹ ይራባሉ፣ ዛፉም ይደርቃል። በካሜሩን ተራሮች የደረሰው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የዛፉ ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል።

ኮሶ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ ይቆረጣል። ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ በመሆኑ አንድ ብቻውን የቀረ ሴቴ፣ በአቅራቢያው ወንዴ ከሌለ፣ ዘር አያፈራም። አበባ ያብባል፣ ይለቀማል፣ ይሸጣል፤ በሥሩ ግን ችግኝ አይታይም።

በሕግ በኩል ብዙ ተሻሽሏል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ጥቅም ከተገኘም ማኅበረሰቡ ድርሻ እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህ ተማሪንም ይመለከታል። የባለሙያን ምስጢር ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ስሙን ሳያነሣ በሠንጠረዥ ማውጣት ከቶሌዶው ታሪክ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። ቅድሚያ ፈቃድ መጠየቅ፣ «ይህን አትጻፍ» ያሉትን አለመጻፍ፣ ውጤቱንም ተመልሶ ማሳየት የሥራው አካል ነው። ናሙናው ደግሞ ደርቆ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ወደ ብሔራዊ ሄርባሪየም መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ባለ ስምንት ቅጹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል 6,000 ያህል ዝርያዎችን ለይቶ ስላስቀመጠልን የስም ችግራችን በአብዛኛው ተቃሏል።

እኛም በሚቀጥለው ዓመት መጠይቁን ለወጥነው። ዛፉ ወንዴ ነው ወይስ ሴቴ፣ በየትኛው ወር ተለቀመ፣ ከተለቀመ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ጥላ ላይ ደረቀ ወይስ ፀሐይ ላይ፣ ተወቀጠ፣ ፈላ፣ ወይስ ተነከረ፣ ተጠለለ ወይስ ከነአተላው፣ ማን አይጠጣው፣ ሲበዛ ምን ያደርጋል፣ ሲበዛስ በምን ይበርዳል የሚሉ ዓምዶች ገቡበት። ቅጹ ከአንድ ገጽ ወደ ሦስት ገጽ አደገ፤ ተማሪዎቹም አጉረመረሙ። ሴትዮዋን በዚያው ተራ አገኘናቸው። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሲመልሱ ቆይተው፣ ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ሲደርሱ አበባውን ወደ ሰፌዱ መለሱና ተማሪውን ቀና ብለው አዩት።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ትገዛለህ ወይስ ስትጽፍ ልትውል ነው?»